በገዛ እጅ ስለሚቈስል ገላ

በዐሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት በጐንደር የተቀመጠው ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጀምስ ብሩስ፣ ወደ አገሩ ከተመለሰ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው ባለ አምስት ጥራዝ መጽሐፉ፣ የአገራችን ሴቶች የትንሿን ጣታቸውን ጥፍር ሆን ብለው እያስረዘሙ፣ የቅርብ ዘመድ ወይም የልብ ወዳጅ በሞተባቸው ጊዜ በዚያው ጥፍር የግራና የቀኝ ጆሮ ግንዳቸውን ቆዳ እንደሚቀዱት፣ ስለዚህም በአገሩ ሳለ ካያቸው መልከ መልካም ሴቶች መካከል ቍስል ወይም ጠባሳ የሌለበት ፊት ማግኘት ብርቅ እንደ ነበረ ጽፏል። ነገሩ ለባዕድ ዐይን ቢያስደንቅም ፊት መንጨት ለአያቶቻችን እንግዳ አልነበረም፤ የቤተ ክርስቲያን መምህራንም ስለ ሙት ብሎ ሥጋን መቍረጥ በሕገ ኦሪት የተከለከለ መሆኑን እየጠቀሱ ሲገሥጹ ኖረዋል። ይሁን እንጂ ተግሣጹ እንዳለ ሆኖ፣ ፊቷን የነጨችውን ሴት ለምን ገላሽን አቈሰልሽ ብሎ እንደ እብድ ወይም እንደ ሐሰተኛ የሚመለከታት ሰው አልነበረም። ቍስሉ ምክንያቱ በሁሉ ዘንድ የታወቀ፣ ምስክር ያለው፣ በሙሾና ደረት በመምታት የታጀበ፣ ዘመኑም በሠልስት፣ በአርባና በተዝካር የተወሰነ ስለ ነበረ፣ ኀዘኑ እየበረደ ሲሄድ ቆዳውም በሰው መካከል ሆኖ ይጠግግ ነበር።

ከዚህ ጋር የሚዛመድ፣ ምስክር ግን የሌለው ሌላ ቍስል አለ፤ ይህ ጽሑፍ የሚዳስሰውም እርሱን ነው። አንዲት የዐሥራ ሰባት ዓመት ተማሪ እናስብ። ቤተሰቡ ሁሉ ተኝቷል፤ እርሷ ለፈተና ልታጠና መብራት አብርታ ተቀምጣለች። ዐይኗ ከመጽሐፉ ሳይነሣ ጣቷ ወደ አገጭዋ ይወጣል፤ የራሱ ፈቃድ እንዳለው ፍጥረት ከአገጭ ወደ ጕንጭ፣ ከጕንጭ ወደ ግንባር እየዳበሰ ሸካራ ነገር ይፈልጋል፤ አንዲት ብጉር ወይም ትናንት የደረቀች ቅርፊት ባገኘ ጊዜ እዚያው ይቆማል። ቀስ ብላ ተነሥታ መስተዋት ፊት ትቆማለች። ጥፍሯ ሥራውን በሚሠራበት ሰዓት ስለ ፈተናውም፣ ስለ አባቷ ቍጣም፣ ስለ ነገም ማሰቧ ይቋረጥና እንደ እንቅልፍ ያለ ጸጥታ ይወርድባታል። ደም ባየች ጊዜ ግን በድንገት እንደ ነቃ ሰው ትደነግጣለች፤ ሰዓቱን ስታይ እኩለ ሌሊት ሆኗል። ጧት ፊቷን በቅባትና በዱቄት ትሸፍናለች፤ የማይሸፈነውን በነጠላ ትጋርደዋለች፤ ሠርግ ስትጠራ ራሴን አሞኛል ትላለች። እናቷ ጠባሳውን እያየች «ፊትሽን ተይው እንጂ! እጅሽን ሰብስቢ!» እያለች ትቈጣለች፤ እርሷም እሺ ትላለች፤ እሺ ያለችውም ከልቧ ነው፤ ማታ ሲሆን ግን እጇ ተመልሶ ይወጣል።

ጕዳዩን ከብዙ ወገን ሳነበውና ሳስበው ቈይቼ የደረስሁበት አሳብ፣ ለቅሶ ቤት ፊቷን በነጨችውና በዚህች ልጅ መካከል ያለው ልዩነት ከጥፍሩ ወይም ከቆዳው ሳይሆን ከምስክሩ የመጣ ነው የሚል ነው። የሁለተኛይቱን ቍስል የሚያመረቅዘው ኀፍረት ነው፤ ኀፍረት ጭንቀትን ይወልዳል፤ ጭንቀትም እጅን መልሶ ወደ ገላ ይልካል። ስለዚህ በዚህ ደዌ ላይ የሚነሣ ምርምርም ሆነ ሕክምና ሁሉ፣ የታመመውን ሰው ከተዘጋው በር ወደ ውጭ በማውጣቱ ወይም ይበልጥ ወደ ውስጥ በመግፋቱ ሊመዘን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ።

የአውሮፓ ሐኪሞች ይህን ነገር በስም መጥራት የጀመሩት ከመቶ ኀምሳ ዓመት ገደማ ወዲህ ነው። ከግብፅ የተወሰደውን ታላቅ የድንጋይ ሐውልት በገዛ ገንዘቡ ወደ ሎንዶን ያስጓጓዘው እንግሊዛዊው የቆዳ ሐኪም ኢራስመስ ዊልሰን፣ እ.ኤ.አ. በ1875 ከነርቭ መታወክ የተነሣ ገላን መላጥ ብሎ ጻፈው። በ1889 ፈረንሳዊው ፍራንስዋ ሃሎፖ ጠጉሩን በገዛ እጁ እየነቀለ ራሱን ስላራቈተ ወጣት ተናግሮ፣ ትሪኮቲሎማንያ የሚለውን ስም ለዓለም አስተዋወቀ። በ1898 ደግሞ ሌላው ፈረንሳዊ ሉዊ ብሮክ፣ ጥቂት ብጉር ይዟቸው ያችኑ እየፈነቀሉ ፊታቸውን ሁሉ ስላቈሰሉ ልጃገረዶች ጻፈ፤ ሕመሙንም የልጃገረዶች ብሎ ሰየመው። ይህ ስያሜ ጠቅሟልም ጐድቷልም። ሐኪሞች ከብጉሩ ባሻገር ያለውን መከራ እንዲያዩ ዐይናቸውን ከፍቷል፤ ነገር ግን ነገሩን የመስተዋትና የውበት ጕዳይ አስመስሎ አሳንሶታል፤ በዚሁ ልማድ የሚሠቃየውንም ወንድ፣ ይህ የሴት ነገር ነው እያለ ይበልጥ እንዲደበቅ አድርጎታል። ወደ ሐኪም የሚመጡት አብዛኞቹ ሴቶች መሆናቸው እውነት ነው፤ ከዚህ ውስጥ ምን ያህሉ ከደዌው ባሕርይ፣ ምን ያህሉ ከወንዶች ዝምታ እንደ መጣ መለየት ግን ቀላል አይደለም።

ከብሮክ በኋላ ሕመሙ ከመቶ ዓመት በላይ ያለ ቤት ቈየ። የቆዳ ሐኪሞች የአእምሮ ነው እያሉ ወደዚያ ሲልኩት፣ የአእምሮ ሐኪሞች ደግሞ የቆዳ ነው፣ ወይም ክፉ ልማድ ብቻ ነው እያሉ ሲመልሱት፣ የአሜሪካ የአእምሮ ሐኪሞች ማኅበር በ2013 ባወጣው አምስተኛ መጽሐፈ ምደባ፣ ቆዳን እየደጋገሙ መላጥ ራሱን የቻለ ሕመም ሆኖ፣ ሰውን ያለ ፈቃዱ ከሚያስገድዱ የአሳብና የድርጊት ሕመሞች ወገን ተጻፈ። የዓለም ጤና ድርጅትም በ2019 ባጸደቀውና ከ2022 ጀምሮ በሥራ ላይ በዋለው ዐሥራ አንደኛ ምደባው ተመሳሳይ ስፍራ ሰጠው። ለሕመሙ የተሰጠው መለያ ሦስት ነገሮችን ይጠይቃል፦ ልማዱ ቍስል እስኪያደርስ የተደጋገመ እንዲሆን፣ ሰውየው ሊተወው ሞክሮ ያቃተው እንዲሆን፣ በሥራው ወይም በኑሮው ላይ ጭንቅና ጕዳት ያመጣበት እንዲሆን። እኔ ከሦስቱ መካከለኛውን ከሁሉ አስበልጬ አየዋለሁ፤ ሞክሮ አቃተው የሚለው ቃል በመጽሐፍ መስፈሩ፣ እጅሽን ሰብስቢ የሚለውን ቍጣ የሚመልስ የምስክርነት ቃል ነውና። በ2010 በታተመ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ2,500 በላይ አዋቂዎች በስልክ ሲጠየቁ፣ 1.4 በመቶ የሚሆኑት በሕመሙ መለያ ውስጥ ገብተዋል፤ በዕድሜያቸው አንድ ጊዜም ቢሆን በቆዳቸው ላይ የሚታይ ጕዳት እስኪቀር ድረስ የላጡት ግን ከመቶ 16 በላይ ነበሩ። በተዘጋው በር ውስጥ ብቻዬን ነኝ ብላ የምታስበው ልጅ፣ ከክፍሏ ተማሪዎች መካከል ምናልባት ሁለት ሦስት ባልንጀሮች እንዳሏት ይህ ቍጥር ያስረዳል።

አእምሮና ቆዳ እንዲህ የተሳሰሩበትን ምክንያት ለመረዳት ወደ ማሕፀን መመለስ ያስፈልጋል። ጽንስ በሦስተኛው ሳምንቱ ሦስት ንብርብር ይሆናል፤ ከላይኛው ንብርብር በኩል አንዱ ክፍል ወደ ውስጥ ታጥፎ አንጐልና ኅብለ ሰረሰር ሲሆን፣ በውጭ የቀረው የቆዳችን ገጽ ይሆናል። ስለዚህ ቆዳና አንጐል ከአንድ ማሕፀን ብቻ ሳይሆን ከአንድ ንብርብር የወጡ ወንድማማቾች ናቸው ቢባል ማጋነን አይሆንም። አማርኛችን ይህን ከጥንት ያውቀዋል፤ የደነገጠ ሰው ፊቱ አመድ ይመስላል፣ የተከፋ ፊቱ ይጠቍራል፣ የፈራ ላብ ያጠምቀዋል፣ ክፉ ወሬ የሰማ ገላውን ይሰቀጥጠዋል። ጭንቀት በደም ውስጥ የሚያፈስሳቸው ቅመሞች በቆዳ ውስጥ የሚገኙትን የማሳከክ ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ ሰውየውም ሲያክክ ሕመሙ የማሳከኩን ስሜት ለጊዜው ስለሚያደነዝዘው ዕረፍት ያገኛል፤ የተፋቀው ቆዳ ግን ተቈጥቶ የባሰ ያሳክካል። በዚህ ዙር ውስጥ ወራት ያሳለፈ ቆዳ እንደ ጫማ ቆዳ ይወፍራል። ሌሊት ሥራና ጨዋታ ሲቆም፣ አእምሮም ከራሱ ጋር ብቻውን ሲቀር ደግሞ ማሳከኩ ይበረታል።

በዚህ ልማድ የተያዘ ሰው ጀርባ አንዳንድ ጊዜ ለሐኪሙ ምሥጢሩን ይገልጥለታል፤ እጅ የሚደርስበት ትከሻና ወገብ በጠባሳ ተሞልቶ፣ እጅ የማይደርስበት መካከሉ ግን ንጹሕ ሆኖ፣ የቢራቢሮ ክንፍ የመሰለ ቅርጽ ይታያልና።

ከዚህ የሚለይ፣ ለሐኪሙም ለቤተሰቡም እጅግ የሚከብድ ሌላ ቍስል አለ፤ በሕክምና ቋንቋ ደርማታይቲስ አርቴፋክታ ይሉታል፤ እኔ ሠሪው የተሰወረ ቍስል ብለው እመርጣለሁ። ቆዳዋን የምትልጠው ልጅ ብትጠየቅ፣ በኀፍረት ቢሆንም፣ እኔ ነኝ ትላለች፤ የዚህኛው ሕመምተኛ ግን ማታ ደኅና ነበርሁ፣ ጧት ስነሣ እንዲህ ሆኖ አገኘሁት ከማለት በቀር ስለ አመጣጡ የሚናገረው ታሪክ የለውም። የቍስሉ ጠርዝ በተፈጥሮ ደዌ የማይገኝ ቀጥ ያለ ወይም ማዕዘን ያለው ይሆናል፤ በጥብቅ ተሸፍኖ ከታሰረ ይድናል፤ ሲፈታ ይመለሳል። እዚህ ላይ የሐኪሙ ልቡና በቀላሉ ወደ ቍጣ ያዘነብላል፤ ተታለልሁ ብሎ ያስባልና። ጥርጣሬው ሥር የሌለው አይደለም፤ የፈረንሳይ ነገሥታት ሐኪም የነበረው አምብሯዝ ፓሬ በ1573 ባሳተመው መጽሐፉ፣ የሥጋ ደዌ ያለባቸው መስለው ምጽዋት ስለሚሰበስቡ ለማኞች ተንኰል ምዕራፍ እስከ መስጠት ደርሷል። እንግሊዛዊው ሐኪም ሪቻርድ አሸርም በ1951 ከሆስፒታል ወደ ሆስፒታል እየዞሩ ሐሰተኛ ሕመም የሚያቀርቡትን ሰዎች በውሸት ታሪኩ በታወቀው በባሮን ሙንካውዘን ስም ጠርቷቸዋል። ነገር ግን ስለ ገንዘብ ወይም ከወታደርነት ለማምለጥ የሚያቈስልና ይህ ሕመምተኛ አንድ አይደሉም። የመጀመሪያው የሚፈልገው ትርፍ በውጭ የሚታይ ነው፤ ሁለተኛው ግን ከቍስሉ የሚያተርፈው መታከምን ብቻ ነው፤ አንድ ሰው ለመታየትና እጅ እንዲዳስሰው ብሎ ገላውን መክፈል ካስፈለገው፣ ከቍስሉ በፊት የነበረው ብቸኝነት ምን ያህል ጥልቅ እንደ ነበረ መገመት ይቻላል። ልምድ ያላቸው ሐኪሞች ያዝሁህ ብለው ፊት ለፊት እንዳይጋፈጡት የሚመክሩትም ለዚህ ነው፤ የተያዘ ሰው ይሸሻል፤ ከሸሸ በኋላ ደግሞ ወደ ሌላ ሐኪም ይዞ የሚሄደው የባሰ ቍስል ነው።

ሌሎች ደግሞ ገላቸውን የሚቧጥጡት በቆዳቸው ውስጥ ተባይ ይሄዳል ብለው በጽኑ ስለሚያምኑ ነው። ስዊድናዊው ካርል ኤክቦም በ1938 በሰፊው የገለጣቸው እነዚህ ሰዎች፣ ከገላቸው የለቀሙትን ቅርፊትና ክር በክብሪት ቀፎ አድርገው ማስረጃ ብለው ለሐኪም ያቀርባሉ። ይህ እምነታቸው ልማድን በመግራት የማይድን ስለ ሆነ ሕክምናው የተለየ መድኃኒት ይፈልጋል፤ ኮኬይንና እርሱን የመሳሰሉ አነቃቂ ዕፆችም ይህንኑ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። የነፍስ ሥቃይን ለማስታገሥ ወይም ሞትን በመመኘት ሥጋውን የሚያቈስል ሰው ደግሞ ከእነዚህ ሁሉ ተለይቶ ሳይውል ሳያድር እርዳታ ሊደርስለት የሚገባ ነው።

የአእምሮን ድርሻ ያስተዋለ ሐኪም ደግሞ በተቃራኒው ስሕተት እንዳይወድቅ መጠንቀቅ አለበት። ያከከ ሁሉ የተጨነቀ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2015 እና በ2016 ድርቅ በመታቸው የአማራ ክልል ወረዳዎች የእከክ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ ሌሊቱን ሙሉ ሲያክኩ ያድሩ የነበሩት ሕፃናት ያስፈለጋቸው ውኃ፣ ንጹሕ ልብስና የእከክ መድኃኒት ነበረ። የጉበት፣ የኵላሊትና የእንቅርት ዕጢ ሕመምም ገላን ያሳክካል። ሚካኤል ሌሽና ዊልያም ናይሃን በ1964 የገለጡት ደዌ ደግሞ ከሁሉ ይልቅ ያስገርማል፤ አንድ የተፈጥሮ ቅመም ጐድሎባቸው የተወለዱ ወንዶች ሕፃናት የገዛ ከንፈራቸውንና ጣታቸውን ይነክሳሉ፤ እጃቸው ሲታሰርላቸው ይረጋጋሉ፤ ሊፈታ ሲል ይጮኻሉ። ሰው ፈቃዱ ሳይኖርበት ራሱን ሊያቈስል መቻሉን ለሚጠራጠር ሁሉ እነዚህ ሕፃናት በቂ መልስ ይመስሉኛል።

በእኛ አገር የዚህ ሕመምተኛ ኀፍረት እጥፍ ነው። ፊቱ የቈሰለ ሰው ሥጋ ደዌ ይዞት ይሆን ተብሎ ይፈራል፤ ጭንቀቱን የተናገረም ልክፍት አለበት ይባላል፤ ሁለቱ በአንድ ገላ ሲገናኙ የሚቀረው መደበቅ ብቻ ነው። ይህን ሳስብ ዘወትር የሚመጣብኝ ጻድቁ ኢዮብ ነው። ልጆቹን ቀብሮ፣ ሀብቱን አጥቶ፣ በአመድ ላይ ተቀምጦ ቍስሉን በገል ሲፍቅ፣ ኀዘንና ቆዳ በአንድ ሰው ላይ እንዴት እንደሚገናኙ ከእርሱ ይልቅ የሚያሳይ አላውቅም። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አንዳች ሳይናገሩ በአጠገቡ ተቀመጡ፤ ከአድራጎታቸው ሁሉ የተሻለው ይህ ነበረ። አፋቸውን በከፈቱ ጊዜ ግን በደልህ ነው ያመጣብህ አሉት፤ ከዚያ በኋላ በአጠገቡ መኖራቸው ራሱ ሸክም ሆነበት። የዛሬዪቱ ልጅ ወላጆችና አስተማሪዎች ብዙ ጊዜ የሚጀምሩት ወዳጆቹ ከጨረሱበት ነው።

ወደ ሕክምናው ስንመጣ፣ ከሁሉ ይልቅ ፍሬ ያሳየው በ1973 አሜሪካውያኑ ናታን አዝሪንና ግሬጎሪ ነን ያቀረቡት ልማድን የመቀልበስ ሥልጠና ነው። መጀመሪያ ሕመምተኛው እጁ መቼና የት እንደሚነሣ፣ ከመነሣቱ በፊት ምን እንደሚሰማው እንዲያስተውልና እንዲጽፍ ይደረጋል፤ ብዙዎች ይህን ሲጽፉ ብቻ፣ ሳያውቁት ሲሠሩት የነበረውን በመደነቅ ያዩታል። ከዚያም ግፊቱ በመጣ ጊዜ ከመላጥ ጋር አብሮ ሊሠራ የማይችል ሌላ ነገር በእጁ ይሠራል፤ ጡጫውን ለጥቂት ደቂቃ ይጨብጣል ወይም አንድ ነገር ይይዛል። የእናቶቻችን እንዝርትና የመነኮሳቱ መቍጠሪያ ለሌላ ዓላማ የተሠሩ ቢሆኑም፣ እጅን ይዞ ልቡናን በማሳረፍ ይህንኑ አገልግሎት ሳይሰጡ አልቀሩም ብዬ አስባለሁ። ጥፍርን ማሳጠር፣ የመታጠቢያ ቤቱን ብርሃን መቀነስ፣ የሚያጐላውን መስተዋት ማንሣት፣ ማታ ጓንት ማጥለቅ የሥልጠናው ረዳቶች ናቸው። ከቤተሰብም አንድ ሰው፣ የሚቈጣ ሳይሆን የሚያስታውስና የተሳካላትን ቀን የሚያመሰግን፣ ተባባሪ ሆኖ ይመረጣል።

ከመድኃኒት ወገን ለድብርትና ለጭንቀት የሚሰጡት ለአንዳንዶች ይጠቅማሉ። ጆን ግራንትና ባልደረቦቹ በ2016 ያሳተሙት ጥናት ደግሞ፣ አክታን ለማቅጠንና የፓራሲታሞልን መርዝ ለማርከስ ሲያገለግል የኖረው ኤን አሴቲል ሲስቴይን እዚህም ሊረዳ እንደሚችል አመልክቷል፤ ዐሥራ ሁለቱን ሳምንት ከፈጸሙት መካከል መድኃኒቱን ከወሰዱት 32 ሰዎች 15ቱ፣ ምንም የሌለበትን ክኒን ከወሰዱት 21 ሰዎች 4ቱ በጕልሕ ተሻሽለዋል። ጥናቱ ትንሽ ስለ ሆነ ተስፋውን በልክ መያዝ ይገባል። የተከፈተው ቍስል ራሱ እንዲሁ እንዳይመረቅዝ በቆዳ ሐኪም መታከም አለበት፤ አእምሮዋ እስኪድን ቆዳዋ ይጠብቅ ማለት አይቻልም።

ነገር ግን በአዲስ አበባ ይህን ሕክምና የምትፈልግ ልጅ ወዴት ትሄዳለች? በዘነበወርቅ ሠፈር እ.ኤ.አ. በ1965 የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም ኖሮ የቆዳ ሕክምና ዋና ቤት ሆኗል። ወደ መርካቶ አቅጣጫ የሚገኘው አማኑኤል ሆስፒታል ደግሞ ለብዙ ዐሥርት ዓመታት የአገሪቱ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ቤት ነበረ፤ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሐኪሞችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን የተጀመረውም እ.ኤ.አ. በ2003 ነው። ሁለቱ ቤቶች በአንድ ከተማ እያሉ፣ ለአንድ ገላና ለአንድ ነፍስ የሚጻፈው ካርድ ግን ለየብቻ ነው። የአእምሮ ጭንቀት በከተማ የሚገኝ የቅንጦት ሕመም አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1999 የታተመው የአታላይ ዓለምና የባልደረቦቹ የቡታጅራ ጥናት፣ በገጠር ከሚኖሩት አዋቂዎች መካከል ከመቶ 17 ያህሉ የአእምሮ ጭንቀት ምልክት እንዳለባቸው አሳይቷል። ካርዱን ሳይለይ ሁለቱን በአንድነት ይዞ የሚቀበል አንድ ስፍራ ቢኖር ጠበል ነው። እዚያ የቈሰለ ገላም የተጨነቀ ልብም በአንድ ፏፏቴ ሥር ይቆማል፤ ማንም አንተ የቆዳ ነህ፣ አንቺ የአእምሮ ነሽ አይልም። በዚህ ረገድ የአባቶች ሥርዓት ከዘመናዊው አከፋፈል ይልቅ ወደ እውነቱ የቀረበ ይመስለኛል። ጠበልተኛው መድኃኒቱን እየወሰደ እንዲጠመቅ የሚፈቅዱ አባቶችም ከሁሉ የበለጠ ምስጋና ይገባቸዋል፤ ቍስሉን ሁሉ በርኵስ መንፈስ የሚያሳብበው ሰው ግን በልጅቱ ኀፍረት ላይ ፍርሃትን ይጨምርባታል።

ሁለት ካርድ አንድ እስኪሆን ድረስም የቆዳ ሐኪሙ ወይም ነርሷ ማድረግ የሚችሉት ነገር አለ። ልጅቱ ነጠላዋን ከፊቷ ስትገልጥ ቅባቱን ከማዘዛቸው በፊት፣ እናቲቱን በአክብሮት ለጥቂት ጊዜ በውጭ እንዲቈዩ ለምነው፣ ብጉርሽን ትነካኪያለሽ ወይ ብለው ሳይጠይቁ፣ ይህ በብዙ ሰው ላይ የሚደርስ ነገር መሆኑን አስቀድመው ነግረዋት፣ እጅሽ ወደ ፊትሽ የሚሄደው መቼ መቼ ነው ብለው ሊጠይቋት ይችላሉ። ልጅቱ ጥቂት ዝም ትላለች፤ በሩ መዘጋቱን ታያለች።

«ማታ ነው» ትላለች፤ «ሁሉም ከተኙ በኋላ።»